ሁለት ድንጋዮች ለአንድ መጋቢ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ መጽሐፍ ወይም የመዝሙር አልበም እንገመግማለን። ዛሬ የማቀርብላችሁ ጽሑፍ ግን ቆማችሁ ብታነብቡት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድባችሁም። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስዋንዚ በምትባል ከተማ፣ መንገድ ዳር በቆመ ድንጋይ ላይ ይገኛል። ቀድሞ በሰንበት ትምህርት ያስተማርሁት፣ አሁን በዚያ አገር የሚኖር አንድ ወንድም ፎቶውን ልኮልኝ፣ «ጋሼ፣ ይህ ሰው የእኛው ወገን መሰለኝ» ብሎ ጻፈልኝ። እኔም ፎቶውን ደጋግሜ ተመለከትሁ፤ ስለ ሰውየውም አነበብሁ። ያገኘሁት ነገር እኔን ራሴን ስለ ወቀሰኝ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ኢያሱ ምዕራፍ 4ን ታስታውሳላችሁ። እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ከወንዙ አንሥተው አቆሙ። ምክንያቱም በኋላ ዘመን ልጆች ስለ ድንጋዮቹ ትርጉም መጠየቃቸው አይቀርም ነበር፤ አባቶችም የሚመልሱት ነገር ሊኖራቸው ይገባል። እንግዲህ በመንገድ ዳር ድንጋይ ያቆመ ሁሉ ለማያውቀው ልጅ መልስ እየሰጠ ነው። የዚህን ድንጋይ መልስ እንመርምር።

ድንጋዩ ምን ይላል?

ድንጋዩ የቆመው በ1912 በማሳቹሴትስ ግዛት መንግሥት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ በዚህ አካባቢ የጆን ማይልስ የምሽግ ቤት ነበረ። በ1675 «የንጉሥ ፊልጶስ ጦርነት» በተጀመረ ጊዜ ስዋንዚን ለመርዳት የዘመቱት የማሳቹሴትስ ቤይና የፕሊመዝ ቅኝ ግዛቶች ወታደሮች፣ በሻለቃ ቶማስ ሳቬጅና በሻለቃ ጄምስ ከድወርዝ መሪነት የተሰባሰቡት እዚህ ነበር። ቀጥሎም በስዋንዚ በ«ሕንዶች» የተገደሉት ሰዎች ስም ይዘረዘራል። ከዚያ ያለፈ ታሪክ አይናገርም።

መጀመሪያ መልካሙን ልናገር። ድንጋዩ የሟቾችን ስም ጽፏል። ነህምያ ምዕራፍ 3ን ያነበበ ሰው ስም መዘርዘር ከንቱ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ደግሞም እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ተራ ገበሬዎች ነበሩ። ሰኔ 24 ቀን 1675 በፕሊመዝ ቅኝ ግዛት የጾምና የጸሎት ቀን ታውጆ ነበርና፣ የስዋንዚ ምእመናን ጥቃት የደረሰባቸው ከጸሎት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው። ከጸሎት ሲመለስ ስለ ሞተ ሰው በቀልድ መናገር አይገባም። እኔም ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የእነርሱን ሞት ለማቃለል እንዳልሆነ እወቁልኝ።

አሁን ግን ጽሑፉን እንደ ገና አንብቡት። ጆን ማይልስ ማን ነበር? ድንጋዩ የሚነግረን ቤት እንደ ነበረውና ቤቱ ምሽግ እንደ ሆነ ብቻ ነው። መንገደኛው «የጦር አለቃ ወይም ባለጠጋ ይሆናል» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ማይልስ ግን መጋቢ ነበር። ስሙን የተሸከመው ድንጋይ ይህን አንድ ቃል አልጻፈለትም።

ሁለተኛው ድንጋይ

ለዚሁ ሰው ሌላ ድንጋይ በዌልስ አገር ቆሞለታል። በደቡብ ዌልስ፣ ከዋናዋ የስዋንዚ ከተማ ብዙም በማይርቀው በኢልስተን ሸለቆ፣ በአንድ ጥንታዊ ጸሎት ቤት ፍርስራሽ ውስጥ ይገኛል። በሰኔ 1928 የመረቀው የቀድሞው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ ነበር። ይህኛው ድንጋይ የሚለው፣ በዌልስ የመጀመሪያዋ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሸለቆ ከ1649 እስከ 1660 እንደ ነበረችና መሥራቿ ጆን ማይልስ እንደ ሆነ ነው።

ሁለቱን ድንጋዮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የዌልሱ ድንጋይ መጋቢውን ያከብራል፤ ታሪኩንም በ1660 ያቆማል። የአሜሪካው ድንጋይ ምሽጉን ያከብራል፤ ታሪኩንም በ1675 ይጀምራል። በመካከል ዐሥራ አምስት ዓመታት ጠፍተዋል። አንድ ሰው ከጸሎት ቤት ተነሥቶ ምሽግ ላይ እንዴት ደረሰ? እንደ እኔ እምነት ዋናው ታሪክ ያለው ሁለቱም ድንጋዮች በዘለሉት ስፍራ ነው።

በመካከል የጠፋው

ማይልስ የተወለደው በ1621 ገደማ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ድንበር አካባቢ ነው። በኦክስፎርድ ተምሮ በኢልስተን ቤተ ክርስቲያን ተከለ። በ1660 ንጉሡ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ነፋሱ ተለወጠ። በ1662 የወጣው ሕግ፣ በመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ አልሄድም ያለውን አገልጋይ ሁሉ ከመድረክ አወረደ። ማይልስ ከጥቂት ምእመናኑ ጋር ባሕር ተሻገረ። ከያዘው ዕቃ አንዱ የኢልስተን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነበር፤ መዝገቡ ዛሬም በአሜሪካ በብራውን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አለ። ለስደት የተነሣ ሰው የሚሸከመውን ሲመርጥ የምእመናንን ስም የያዘ መዝገብ መምረጡ ስለ ሰውየው ብዙ ይነግረኛል።

በ1663 ርኆቦት በተባለች መንደር፣ በአንድ ሰው ቤት ውስጥ፣ ሰባት ሰዎች ቃል ኪዳን ገብተው ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። ርኆቦት የሚለውን ስም ከዘፍጥረት 26፥22 ታውቁታላችሁ፤ ይስሐቅ ከብዙ ጠብ በኋላ ጌታ ስፍራ ስላሰፋለት ለጉድጓዱ የሰጠው ስም ነው። በዚያች ርኆቦት ግን ለማይልስ ስፍራ አልተገኘም። በሐምሌ 1667 የፕሊመዝ ፍርድ ቤት፣ ያለ ፈቃድ ጉባኤ አድርጋችኋል ብሎ ማይልስንና ጓደኛውን ጄምስ ብራውንን እያንዳንዳቸውን አምስት ፓውንድ ቀጣቸው፤ ከዚያም ስፍራ እንዲነሡ አዘዘ። እነዚህ ፈራጆች ራሳቸው ስለ እምነታቸው ከእንግሊዝ የተሰደዱ ሰዎች ወይም የስደተኞቹ ልጆች ነበሩ።

በዚያው ዓመት መገባደጃ ፍርድ ቤቱ ለማይልስና ለባልንጀሮቹ አዲስ ከተማ እንዲቆረቁሩ ፈቀደ። እነርሱም የትውልድ አካባቢያቸውን አስበው ስዋንዚ አሏት። በ1673 ከተማዋ ማይልስን በዓመት አርባ ፓውንድ የትምህርት ቤት መምህር አድርጋ ቀጠረችው። እስኪ አስቡት፤ የተሰደደ መጋቢ በመጨረሻ ያለ ፍርሃት ይሰብካል፤ በሳምንቱ ቀናትም ልጆች ያስተምራል። እኔ መምህር ነኝና ይህን ሳነብ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። «ስፍራ ተሰጣቸው» ስንል ስፍራው የማን ነበር ብለን መጠየቅ አለብን።

መሬቱ የማን ነበር?

አገሩ የዋምፓኖአግ ሕዝብ ነበር። መሪያቸው ማሳሶይት በ1621 ከፕሊመዝ ሰፋሪዎች ጋር ሰላም አድርጎ እስኪሞት ድረስ ጠበቀው። ሰፋሪዎቹ ሲበዙ ግን መሬቱ በሽያጭ ወረቀት ቀስ በቀስ ከሕዝቡ እጅ ወጣ፤ የሰፋሪዎቹ ከብቶችና አሳማዎችም የዋምፓኖአጎችን የበቆሎ እርሻ ይረግጡ ነበር። የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም ይኖር የነበረው ሞንታፕ በተባለ፣ ወደ ባሕር በገባ የምድር ልሳን ላይ ነው። ስዋንዚ የተቆረቆረችው ወደዚያ በሚያስገባው አንገት ላይ ነበር። ለማይልስ የተሰጠችው ሰፊ ስፍራ ለሜታኮም የቤቱ ደጃፍ ነበረች።

በ1671 ሜታኮም ተገድዶ መሣሪያ የማስረከብ ውል ፈረመ። በ1675 መጀመሪያ ጆን ሳሳሞን የተባለ ክርስቲያን ሕንድ ሞቶ፣ ሬሳው ከበረዶ በታች ሐይቅ ውስጥ ተገኘ። ሳሳሞን ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ፣ ቀድሞ የሜታኮም ጸሐፊ የነበረ፣ ለፕሊመዝ ገዥ የጦርነት ዝግጅት አለ ብሎ ያስጠነቀቀ ሰው ነበር። በዚህ ሞት ሦስት ዋምፓኖአጎች በፕሊመዝ ፍርድ ቤት ተከስሰው በሰኔ ወር ሞት ተፈረደባቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ በስዋንዚ ቤቶች ተዘረፉ። ሰኔ 23 አንድ የሰፋሪዎች ወጣት አንድ ዋምፓኖአግ በጥይት መታ። በማግሥቱ፣ በዚያ የጾም ቀን፣ የስዋንዚ ሰዎች ተገደሉ።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ። የስዋንዚ ሟቾች በስማቸው ተጽፈዋል። ሰኔ 23 ስለተመታው ዋምፓኖአግ ግን አንድ ፊደል የለም። ገዳዮቹ «ሕንዶች» ተብለዋል፤ የሕዝባቸው ስም እንኳ አልተጠቀሰም። የጦርነቱ ስም «ንጉሥ ፊልጶስ» የሚለውም እንግሊዞች ለሜታኮም የሰጡት ስም ነው። በድንጋዩ ላይ ውሸት አላገኘሁበትም። ጉድለቱ ታሪኩን የጀመረበት ቦታ ላይ ነው። ከሰኔ 1675 ብትጀምሩ የምታዩት ያለ ምክንያት የተጠቃ መንደርና ሊረዳው የደረሰ ጦር ነው። ከ1621 ብትጀምሩ ወይም ከ1667 ብትጀምሩ ሌላ ታሪክ ታያላችሁ።

በምስክርነት ጊዜ ይህን እናውቀዋለን አይደል? አንዳንድ ሰው ተነሥቶ «ጎረቤቴ ክፉ ነገር ተናገረኝ፣ እኔ ግን ጸለይሁ» ይላል። ጎረቤቱ ከመናገሩ በፊት እርሱ ያደረገውን አይጨምርም። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ምስክርነቱ ግን ጎዶሎ ነው።

«ዘመኑ እንዲያ ነበር» ብንልስ?

ሁለት ተቃውሞ ሊነሣብኝ እንደሚችል አውቃለሁ። አንደኛው፣ «ድንጋይ ትንሽ ነው፤ ሁሉን ሊይዝ አይችልም» የሚል ነው። ልክ ነው። ነገር ግን ለሁለት ሻለቆች ስምና ማዕረግ ቦታ ከተገኘ፣ «መጋቢ» ለሚል አንድ ቃልና «የዋምፓኖአግ ምድር» ለሚሉ ሁለት ቃላት ቦታ አይጠፋም ነበር። የቦታ ማነስ ጽሑፍን ያሳጥራል፤ ማን ይጻፍ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚመርጠው ግን ሰው ነው።

ሁለተኛው፣ «የዚያ ዘመን ሰዎች ሌላ አያውቁም ነበር» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ታሪክ ላንሣ። በ1676 ሜታኮም ሲገደል ራሱ በፕሊመዝ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ለብዙ ዓመታት ቆየ። ሚስቱና ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጃቸው ግን ቀድሞ ተማርከው ነበር። ልጁ ይገደል ወይስ ይኑር ተብሎ መጋቢዎች ተጠየቁ። እነርሱም መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡ። ከመጋቢዎቹ አንዳንዶቹ የሳኦልንና የአካንን ቤተሰብ ፍርድ ጠቅሰው ልጁ ቢገደል እግዚአብሔርን አይቃወምም አሉ። ጄምስ ኪት የተባለ የገጠር መጋቢ ግን ወደ ዘዳግም 24፥16 ሄደ። ልጅ በአባቱ ኃጢአት እንዳይሞት የሚከለክለውን ሕግ አመለከተ፤ ይህንንም ሕግ የጠበቀውን የንጉሥ አሜስያስን ምሳሌ ከ2ኛ ዜና 25፥4 ጨመረ። በመጨረሻ ልጁ አልተገደለም። በ1677 ለባርነት ተሸጠ።

እንግዲህ ዘመኑ አንድ ነው፤ መጽሐፉም አንድ ነው። ኪትም የዚያው ዘመን ሰው ነበር። ልዩነቱ በአነባበቡ ላይ ነበር። «ዘመኑ እንዲያ ነበር» የምንል ከሆነ ኪትን ከታሪክ እናጠፋዋለን።

ስለ ስዋንዚ ጉባኤም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ማይልስ ሕፃናትን ከሚያጠምቁ አማኞች ጋር ኅብረት ለማድረግ እጁን የዘረጋ ሰው ነበር፤ ይህ ለዘመኑ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ከተማዋ ከተቆረቆረች ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ ሌላው መሥራች ቶማስ ዊሌት ማን በከተማዋ ይኑር የሚል መመዘኛ አቀረበ። የተሳሳተ ትምህርት የያዘ እንዳይገባ፣ ለከተማዋ ሸክም የሚሆን ድኻም እንዳይገባ የሚል ነበር። ጉባኤውና ከተማዋ ማብራሪያ ጨምረው ተቀበሉት። ትናንት «ከዚህ ሂዱ» የተባሉ ሰዎች ዛሬ በር ላይ ቆመው «እናንተ አትገቡም» አሉ። ዘጸአት 23፥9 እስራኤል መጻተኛውን እንዳያስጨንቁ ሲያዝዝ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል፤ በግብፅ መጻተኞች ስለ ነበሩ የመጻተኛን ነፍስ ያውቃሉና። ማወቅ ግን በቂ አልሆነም። የተሰደደ ሁሉ ርኅሩኅ አይሆንም፤ ርኅራኄን ከስደት በኋላ መማር ያስፈልጋል።

የእኔው ድንጋይ

ይህን ሁሉ ስጽፍ ከሩቅ ሆኜ በሌላ አገር ሰዎች ላይ የምፈርድ እንዳይመስላችሁ፣ የራሴን ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤተ ክርስቲያናችን የምሥረታ በዓሏን ስታከብር፣ በግቢው ለሚቆመው ድንጋይ የሚሆን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተመደብሁ። የመሥራቾቹን ስም ጻፍሁ። በደርግ ዘመን ቤቱ መዘጋቱን፣ ወንድሞች መታሰራቸውን፣ በኋላም እንደ ገና መከፈቱን ጻፍሁ። ሽማግሌዎቹ አመሰገኑኝ። በምረቃው ቀን አንዲት አረጋዊት እናታችን ወደ ድንጋዩ ተጠግተው አስነበቡኝ። ካነበብሁላቸው በኋላ፣ «ልጄ፣ ጎረቤታችን የታሉ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ቤቱ ሲዘጋ መጽሐፍ ቅዱሶቻችንንና የመዝሙር ደብተሮቻችንን ተቀብለው በጎተራቸው ውስጥ ደብቀው ያቆዩ አንዲት ጎረቤት ነበሩ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነበሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም እንዲያው ነበሩ። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ስጽፍ ግን አላሰብኋቸውም። ክፋት አስቤ አልተውኋቸውም፤ የእኛ ስላልሆኑ ብዕሬ አልፏቸው ሄደ። በ1912 የስዋንዚን ድንጋይ የጻፈውም ሰው እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ከዋሸው ሰው ይልቅ ያላሰበው ሰው ብዙ ይተዋል።

ድንጋዩ እስከ ዛሬ እንዳለ ቆሟል። እኔ ግን በየዓመቱ አዲስ የሰንበት ትምህርት ክፍል ሲመጣ ልጆቹን ወደ ግቢው አወጣቸዋለሁ። ድንጋዩን አስነብባቸውና የጎረቤታችንን ታሪክ በቃሌ እነግራቸዋለሁ።

ከድንጋይ የቀረ መጽሐፍ

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ማይልስ በርኆቦት ቃል ኪዳን በገባበት በዚያው በ1663፣ በማሳቹሴትስ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። በእንግሊዝኛ አልነበረም፤ ዋምፓኖአጎችና ጎረቤቶቻቸው በሚናገሩት ቋንቋ ነበር። ጆን ኤሊየት የተባለ መጋቢ በአገሬው ሰዎች እርዳታ የተረጎመው ሲሆን፣ በማተሚያ ቤቱ ከሠሩት አንዱም ጄምስ ፕሪንተር የተባለ የኒፕመክ ሕዝብ ሰው ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ይህን መጽሐፍ ያነብቡ የነበሩ ክርስቲያን ሕንዶች እንኳ አልታመኑም፤ በመቶ የሚቆጠሩት በቦስተን ወደብ ወዳለች ደሴት ተወስደው ክረምቱን በረሃብና በብርድ አሳለፉ፤ ብዙዎቹም ሞቱ።

ከዘመናት በኋላ ቋንቋው ተናጋሪ አጣ። ከ1993 ጀምሮ ግን ጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ የተባለች የዋምፓኖአግ ሴት ቋንቋውን መልሶ ለማስነሣት ተነሣች። እርሷና ባልንጀሮቿ ከተጠቀሙባቸው ጥንታዊ ጽሑፎች ዋነኛው ያ የ1663 መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ዛሬ ቋንቋውን የሚናገሩ ልጆች አሉ። የመንገድ ዳሩ ድንጋይ የሕዝቡን ስም ሳይጽፍ ቀርቷል፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ግን የሕዝቡን ቃላት ጠብቆ ለልጅ ልጆቻቸው መልሷል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። የስዋንዚ ድንጋይ ለሟቾቹ ስም መስጠቱ ያስመሰግነዋል። ለመጋቢው አገልግሎቱን፣ ለዋምፓኖአጎች ስማቸውን መንፈጉ ያስወቅሰዋል። ይፍረስ አልልም። አጠገቡ ሌላ ድንጋይ ቢቆምና ከ1621 ጀምሮ ቢናገር እወድዳለሁ።

ለእናንተም አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በሚቀጥለው የወጣቶች ኅብረት ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችሁን የታሪክ ጽሑፍ ወይም የመሠረት ድንጋይ አንብቡ። ከዚያም ከአረጋውያኑ አንዱን ጋብዛችሁ፣ «እዚህ ላይ ያልተጻፈ ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ስም በደብተራችሁ ጻፉ። ደብተራችሁንም ጠብቁት፤ ማይልስ ባሕር ሲሻገር የተሸከመው መዝገብ ድንጋዮቹ ከመቆማቸው በፊት ነበረ፤ ዛሬም አለ።